ከመጋረጃ ኋላ የቆሙት ሰው፤ ስለ አቶ ተስፋዬ ለማና ስለ አዝማሪዎቻችን

በፎገራ ሜዳ እህሉ ከአውድማ ገብቶ የጥር ወር ሲደርስ፥ የሠርጉ ዳስ በየመንደሩ ይተከላል፤ ዳስ በተተከለበትም ስፍራ ማሲንቆ አይታጣም። ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ተወልዶ ያደገው ከወረታ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ስለ ሆነ፥ የማሲንቆን ድምፅ ያወቀው ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ ነው። ከልጅነቴ ትዝታ አንዱን ልናገር። አንድ የሠርግ ደጋሽ ጠጁን አጠገቡ አስቀምጦ በወሬ ተይዞ ለእንግዶቹ ማስቀዳቱን ረሳ። ዳሱ ጸጥ ማለት ሲጀምር አዝማሪው ይህን ተመለከተና፥ ስለ ደጋሹ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፥ ስለ ርብ ወንዝ ማዜም ጀመረ። ርብ ክረምት በገባ ጊዜ ማንም ሳይለምነው ሞልቶ ለድኃውም ለባለጠጋውም እኩል እንደሚደርስ እያነሣ አመሰገነው። እንግዳው ሁሉ ሳቀ፤ ደጋሹም እየሳቀ ጠጁን አስቀዳ። ርብ ሲሞላ ማሳ የሚወስድ መሆኑን የፎገራ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ከደጋሹ ይልቅ ጎርፉ ቸር ሆኖ ተገኘ።

ያው አዝማሪ ግን ሲመሽ እራቱን የበላው ከዳሱ ውጭ፥ ከማገዶው ክምር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ሆነው ሳሉ ልጆች እንኳ «አንተ» ይሏቸው ነበር፤ እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። ስለዚህም ዛሬ ስለ እርሳቸው ስጽፍ «እርሳቸው» ማለቴ ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ነገሩ እንግዳ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፥ በቤተ መቅደስ የሚዘምረውና በዳስ የሚያዜመው ከአንድ ግሥ የተወለዱ ወንድማማች ናቸው። አንደኛው ግን በክብር ሲቆም ሁለተኛው በደጅ ይቆማል። ደስታችን ያለ እርሱ አይሞላም፤ ልጃችንን ግን ለእርሱ ልጅ አንድርም። ጠላት እንኳ ከእኛ ይልቅ የአዝማሪን ኃይል የተረዳ ይመስላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ በሕዝቡ መካከል ወሬ የሚያዛምቱና ልብ የሚያነሣሡ ናቸው ተብለው ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋራ አዝማሪዎችም እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። አንድ የፋሺስት ሹም ባለ አንድ ጅማት መሣሪያን እንደ መትረየስ መፍራቱ ለአዝማሪ ከተሰጠው ምስክርነት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ግን ከጠላት መቀበል ያሳፍራል።

ስለ ዘፋኞቻችን በየጊዜው ተጽፏል። ጥላሁን ገሠሠን፥ አስናቀች ወርቁን፥ ካሳ ተሰማን የማያውቅ የለም። ማሲንቆውንና ክራሩን፥ ዋሽንቱንና እምቢልታውን ከየሀገሩ አሰባስቦ በአንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠው፥ ሰዓቱን የጠበቀው፥ የተጣሉትን ያስታረቀው፥ ጭብጨባው ሲጀመር ግን ከመጋረጃው ኋላ የቀረው ሰው ስሙ በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ይነሣል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ያረፉት አቶ ተስፋዬ ለማ ናቸው። እኔ አቶ ተስፋዬን በአካል አላየኋቸውም፤ የሙዚቃ ሊቅነትም የለኝም። የማውቃቸው ከሸክላና ከካሴት ወደ ዘመናዊ ቅጂ በተላለፈው ድምፅና ስለ እርሳቸው በተነገረው ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪክ ሳይሆን የአንድ አድማጭ ሒስ ነው።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተመሠረተው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1963፥ በአዲስ አበባ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውን ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር እተዋቸዋለሁ)። መሥራቹ በግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ፕሮፌሰር ሐሊም ኤል ዳብ ነበሩ። እርሳቸው በ1964 ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ ጆን ኮ የተባለ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል ተረከበው፤ ከ1966 እስከ 1975 ድረስ ደግሞ አቶ ተስፋዬ ለማ መሩት። መሥራቹ ግብፃዊ፥ ተከታዩ አሜሪካዊ፥ ሦስተኛው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የባዕድ ሰው የሀገራችንን መሣሪያ ሲያደንቅ እሰየው እንላለን፤ ነገር ግን ባዕድ የጀመረውን ይዞ ዘጠኝ ዓመት ማቆየት ከመጀመሩ የሚቀል ሥራ አልነበረም። ጀማሪ አዲስ ነገር በማሳየቱ ይመሰገናል፤ አቆይ ግን የሚያገኘው ደመወዝ የመጠየቅን፥ የአዳራሽ ፈቃድ የመለመንን፥ የታመመውን ተጫዋች የመተካትን ድካም ነው። እኔም በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምውል ሰው ስለ ሆንሁ፥ ሠላሳ ያህል ሰው ያለበትን ጓድ በዓመት በጀት አኑሮ ማቆየት ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት ይገባኛል።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያዎቹ ጠባይ ጥቂት ካልተናገርሁ የሰውየው ሥራ ክብደት አይታይም። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው፥ ጅማቱም መምቻውም ከፈረስ ጭራ የተሠራ፥ ሣጥኑ በቆዳ የተለበጠ መሣሪያ ነው። ድምፁን የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ስለ ሆነ፥ አዝማሪው በዚያ ሌሊት ድምፁ እንደ ነቃ ወይም እንደ ደከመ አይቶ ጅማቱን ያከራል፥ ያላላል። ከማንም ጋራ መስማማት አያስፈልገውም፤ ከራሱ ጉሮሮ ጋራ ከተስማማ በቂ ነው። ክራርም አምስት ወይም ስድስት ጅማት ይኑረው እንጂ እንደ ዘፋኙ ይቃኛል። ዋሽንት ግን እንዲህ አይደለም። ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ቁመቱና ቀዳዳው የወሰኑለትን ድምፅ እንጂ ሌላ አይሰጥም፤ ስለዚህም ዋሽንት ነፊ ረጅምና አጭር የሆኑ ብዙ ዋሽንቶችን ይዞ ይሄዳል። እምቢልታ ከዚህም ይብሳል። አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ፥ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ እየነፉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አቀናጅቶ ማስጮኽ ማለት፥ በሕይወቱ ከራሱ በቀር ማንንም ያልጠበቀውን አዝማሪ ዋሽንቱን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። አዝማሪው ዜማውን ማስረዘም ሲያምረው ማሳጠር፥ ሰው ግጥም ሲሰጠው መቀበል ያስለመደውን ሰው ደግሞ አስቀድሞ በተጻፈ ግጥም መያዝ ነው። ትዝታውም፥ ባቲውም፥ አምባሰሉም፥ አንቺ ሆዬውም በአንድ ልክ ላይ መቆም አለባቸው። የጎንደሩና የወሎው፥ የደቡቡና የሐረሩ ሰው በአንድ ምት ይረግጣሉ። ይህን ያደረገው ሰው ሊቅ ቢባል አይበዛበትም። ደግሞም ተስፋዬ ሥራቸውን በዜማ ብቻ አልተዉትም፤ በ1975 ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጽሐፍ አሳትመዋል። ለዚህ ነው የሥራቸው ክብደት ከመድረክ ላይ ከሚታየው ይልቅ ከመድረክ በፊት ባለው ላይ ነው የምለው።

ሒስ ያልሁት ግን ማመስገን ብቻ እንዳይሆን፥ በሌላው ጎን ያለውን ደግሞ ልናገር። «ኤትዮፒክ» በተባለው የፈረንሣዮች የሸክላ ተከታታይ 23ኛው ክፍል ሆኖ በ2007 የወጣውን የኦርኬስትራውን ቅጂ ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ። መጀመሪያ ሳዳምጥ ደስ አለኝ፤ ሁለተኛ ሳዳምጥ አደነቅሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ አንድ ነገር ጎደለኝ። የጎደለኝን ለማግኘት ጥቂት ቀን ወሰደብኝ። ጎደሎው የርብ ወንዝ ነበር። በዚያ ቅጂ ውስጥ ማሲንቆው ንጹሕ ነው፥ ምቱ አይፋለስም፥ ዝማሬው ይጣፍጣል፤ ግን አዝማሪው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ቃሉን የሚለውጥበት ቦታ አልተተወለትም። ሰሙ አለ፤ ወርቁ በዚያው ሌሊት፥ በዚያው ሰው ላይ፥ በዚያው ዳስ የሚወለድ ስለ ሆነ ግን በመድረክ ላይ ሊወለድ አልቻለም። አሸናፊ ከበደ በ1975 ስለ አዝማሪ በእንግሊዝኛ በጻፉት ጽሑፍ አዝማሪን ባለቅኔም ሙዚቀኛም ብለው የጠሩት በከንቱ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ በአዳራሹ ወንበርና በጸጥታው ምክንያት ይደክማል፤ የሚደክመውም ባለቅኔው ነው።

እንግዲህ አቶ ተስፋዬ ጥፋተኛ ናቸውን? አይደሉም ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ምክንያቴ ብዙዎች የሚሰጡት አይደለም። ብዙዎች «ባህላችን ከመጥፋት ድኗል» ይላሉ። እኔ ግን በፎገራ የዳስ አዝማሪ ከመጥፋት የዳነው በኦርኬስትራ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ የዳነው ሠርግ ስላልጠፋ ነው። የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተቀምጦ የተማረ ሰው፥ አባቱ ከማገዶ ክምር አጠገብ ያበላውን ሰው ከፍ ብሎ በመድረክ ላይ ተቀምጦ አየው፤ ከታች ሆኖም ወደ ላይ ተመለከተው። ይህ የአንገት መቃናት ዋጋ አለው። ቅኔው በመድረክ ላይ ቢቀንስም ክብሩ በመድረክ ላይ ጨምሯል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት ይቻል ነበርን? ምናልባት ይቻል ነበር፤ ግን ያን ለማድረግ አዳራሹ ራሱ ዳስ መሆን ነበረበት።

ይህን ነጥብ ለማብራራት ወደ ሌላ አገር ብሻገር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በአሜሪካ ደቡብ የጥቁሮች ዜማ የሆነው ብሉዝ፥ በአንድ ጊታርና በአንድ ድምፅ የኀዘንንና የቀልድን ነገር አቀላቅሎ የሚናገር፥ ለትዝታ ዘመድ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሙዚቃ ነው። በ1960ዎቹ እነዚያ ሽማግሌዎች ተረስተው ነበር። ሳን ሃውስ የተባለው ታላቅ ዘፋኝ በ1964 ጊታሩን ትቶ በሮቸስተር ከተማ ሲኖር ዲክ ዋተርማን የተባለ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ሄዶ አገኘው። (የእኛው አሸናፊ ከበደም የሙዚቃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዚያችው ከተማ መሆኑ የሚገርም ነገር ነው።) ዋተርማን ከዚያ በኋላ እነዚህን ሽማግሌዎች የሚወክል ድርጅት አቁሞ ሥራ ፈለገላቸው፤ ፎቶግራፋቸውንም አነሣ። በጥር ወር 2024 ሲሞት ስሙን የሚያውቀው ሕዝብ ጥቂት ነበር፤ እርሱ ያቆማቸውን ሰዎች ግን ዓለም ያውቃቸዋል።

ተስፋዬና ዋተርማን በሥራ ይመሳሰላሉ፤ በመንገድ ግን ይለያያሉ። ዋተርማን አንዱን ሽማግሌ ከነጊታሩ፥ ከነባሕርዩ፥ ብቻውን በመድረክ ላይ አስቀምጦ «እንደ ቤትህ ሁን» ይለው ነበር። ተስፋዬ ግን ብቸኛውን ተጫዋች ከሌሎች ጋራ አጋቡት። የመጀመሪያው መንገድ ለተጫዋቹ ነፍስ ይበጃል፤ ሁለተኛው ለአገር ይበጃል። ብዙ ቋንቋ ባላት አገር ውስጥ፥ የአንዱ ብሔረሰብ ዋሽንት ከሌላው ከበሮ ጋራ የሚስማማ መሆኑን በጆሮ ማሰማት በራሱ ንግግር ነው፤ ከብዙ ንግግርም ይሻላል። ሆኖም የሁለተኛውን መንገድ ዋጋ የከፈለው ብቸኛው አዝማሪ መሆኑን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

በ1969 ኦርኬስትራው «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ አገር ዞሮ ነበር። ጉዞውን ያቀናበረው ቻርልስ ሱተን የተባለው የቀድሞ የሰላም ጓድ አባል፥ ራሱ በአዲስ አበባ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ ማሲንቆ የተማረ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ከእኛ ወገን ስንት የተማረ ልጅ ከአዝማሪ ፊት እንደ ደቀ መዝሙር ተቀምጧል ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ ጥያቄው ይከብደናል። በ2007 ሱተን፥ ጌታመሳይና መላኩ ገላው እንደገና ተገናኝተው «ዞሮ ገጠም» የሚል ሥራ አውጥተዋል፤ ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ አስቀረ፤ አቶ ተስፋዬም በ1980ዎቹ አገራቸውን ለቅቀው በአሜሪካ ኖሩ። የባህል ሙዚቃ ግን ከመድረክ አልወረደም። በጎንደር ፋሲለደስ፥ በጎጃም ግሽ ዓባይ፥ በወሎ ላሊበላ የተባሉት የኪነት ቡድኖች ማሲንቆን፥ ክራርንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አቀናጅተው ሲጫወቱ ያየ ሰው የዚያን የቀድሞውን ጓድ መልክ ያያል። ከነዚህ መካከል የወጡት ዘፋኞች ዛሬ በየቤታችን ይሰማሉ፤ ማን በመጀመሪያ ማሲንቆንና ዋሽንትን አስማማ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የምጽፈውን ነገር ለመመርመር ባለፈው ጥር አንድ ነገር አደረግሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ላዘጋጀው በዓል አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ከገጠር ተጠርተው ወደ ወረታ መጥተው ነበር። በዓሉ ሲያልቅ የተስማሙበት ገንዘብ «በሚቀጥለው ሳምንት» ተባለ፤ ምሳም አልተነሣላቸውም። እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንዱ ባልሆንም ነገሩ ስለ ከበደኝ ወደ አንድ ምግብ ቤት ይዣቸው ሄድሁ፤ ሽሮ በልተን ሻይ እየጠጣን ሳለ «አባባ፥ አንድ ነገር ላሰማዎት» አልሁና የኦርኬስትራውን ቅጂ በስልኬ ከፈትሁላቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጥቂት ቆይተው «ልጄ፥ ስንት ናቸው?» አሉኝ። «እስከ ሠላሳ ይደርሱ ነበር» አልኋቸው። «ሁሉም ይበላሉ?» አሉ። ደመወዝ ነበራቸው አልኋቸው፤ ገረማቸው። ቀጥለውም «ግጥም የሚሰጥ ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ የሌለ መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በሦስተኛው ማዳመጥ ያገኘሁትን እርሳቸው በመጀመሪያው አገኙት።

ከዚያ በኋላ ግን ያላሰብሁትን አደረጉ። ማሲንቆውን ከጨርቁ አወጡ፥ መምቻውን በሙጫ ቀቡ፥ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርገው ጅማቱን ጥቂት ሳቡ። እንደገና ሳቡ፤ ጥቂት አላሉ። «ይህ ዋሽንት ወደ ላይ ነው የሄደው» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ጥቂት ቁጣ ነበረ። ለራሳቸው ጉሮሮ ከፍ ያለ ቅኝት ቢሆንም ዋሽንቱ ካለበት እስኪደርሱ ጅማቱን አከረሩት፤ በመጨረሻም ከቅጂው ጋራ አብረው መጫወት ጀመሩ። የምግብ ቤቱ ልጅ ሻይ ይዞ መጥቶ ቆመ፤ «አባባ፥ ልጨምርልዎ?» አላቸው።